ውስጡ ያልታወቀ ቤት ሲነቃነቅ፦ በደባርቅና በዳባት ቤቶች ላይ ንዝረትን ስለመተንበይ

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለችውን አዲስ አበባን ቀሰቀሳት። በኮንዶሚኒየም ላይኛ ፎቆች የተኙ ሰዎች ልጆቻቸውን አቅፈው ደረጃ ወረዱ። ምድር ላይ ካሉት ብዙዎቹ ግን ነገሩን የሰሙት ጠዋት ነው። የካቲት 7 ደግሞ መጠኑ ወደ 6 የተጠጋ ሌላ መንቀጥቀጥ መጣ። መሬቱን የነቀነቀው ኃይል ለጎረቤታሞች ከሞላ ጎደል አንድ ሆኖ ሳለ፣ አንዱ ሕንፃ ተወዘወዘ፣ ጎረቤቱ ዝም አለ። ልዩነቱ ያለው ሕንፃው ውስጥ ነው።

ይህ ጽሑፍ አንድ ሕንፃ ቢነቀነቅ ምን ያህል እንደሚወዛወዝ አስቀድሞ ማስላት ስለመቻል ነው። በተለይ ደግሞ ሕንፃው ከምን እንደተሠራ በትክክል ሳይታወቅ ስሌቱ እንዴት እንደሚሠራ። ምሳሌዎቼን የወሰድኩት ከደባርቅ፣ ከዳባትና ከስሜን ተራሮች ግርጌ ነው። እዚያ የሚሠሩት ቤቶች፣ የጭቃውም የድንጋዩም የብሎኬቱም፣ ከፋብሪካ የወጡ ሳይሆኑ ከእጅ የወጡ ናቸው፤ የማይታወቀው ነገር የሚበዛውም እንደዚህ ባሉት ላይ ነው።

በመጀመሪያ አደጋውን በልኩ እናስቀምጠው። የስሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ባዛልት ክምር ናቸው። ከስምጥ ሸለቆው አፋፍ ርቀውም ይገኛሉ። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈራረሰውና ካራ ቆሬን የጎዳው ዓይነት መንቀጥቀጥ የሚጠበቀው በዚያ አፋፍ ላይ እንጂ ደባርቅ ላይ አይደለም። ይሁን እንጂ አካባቢው ፈጽሞ አይነካም ማለት አይቻልም። ጎንደር ያለው የቀዳማዊ ኢያሱ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1704 በመሬት መንቀጥቀጥ እንደተጎዳ ይነገራል። የአገራችንን የመንቀጥቀጥ ታሪክ ከዜና መዋዕል፣ ከተጓዦች ማስታወሻና ከመሣሪያ ንባብ አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ ያሳተመው ፒየር ጉዋን ነው። እሱም የአዲስ አበባን የጂኦፊዚክስ ጣቢያ ያቋቋመ ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ካህን ነበር። ንዝረት ግን ከመሬት በታች ብቻ አይመጣም። በዳባት በኩል አድርጎ ደባርቅ የሚደርሰው፣ ከዚያም በሊማሊሞ ቁልቁለት ወደ ዛሪማ የሚወርደው የከባድ መኪና ጉዞ ንዝረት ነው። የወፍጮ ቤት ሞተር፣ የጠጠር መፍጫ፣ ለመንገድ ሥራ የሚፈነዳ ድማሚትም ንዝረት ናቸው።

ማንኛውም ግንብ ቢገፉትና ቢለቁት የሚወዛወዝበት የራሱ ፍጥነት አለው። የክራር ጅማት ሲጠብቅ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲላላ ይወፍራል፤ ጅማቱ ራሱ ወፍራምና ከባድ ከሆነም እንደዚሁ ድምፁ ይወርዳል። ሕንፃም በዚሁ ሕግ ይመራል። ግትር የሆነ ሕንፃ ቶሎ ቶሎ ይወዛወዛል፣ ከባድ የሆነ ቀስ ይላል። ስሌቱም አጭር ነው፦ ግትርነቱን ለክብደቱ አካፍሎ ዳግም ዘሩን፣ ስኩዌር ሩት የምንለውን፣ መውሰድ ነው። ሦስተኛው ጉዳይ ንዝረቱን የሚያረግበው አቅም ነው። በስንጥቅ ውስጥ ያለ መፋተግ፣ የጭቃና የእንጨት መተሻሸት፣ የመሬቱ መዋጥ ኃይሉን ይበላሉ። ይህ አቅም ባይኖር ኖሮ አንድ ጊዜ የተነካ ቤት መወዛወዙን አያቆምም ነበር።

አውሮፓውያን የሚጠቀሙበትና ኢትዮጵያም በ2007 ዓ.ም. ለአዲሱ የሕንፃ ደረጃዋ መነሻ ያደረገችው ደንብ ለኮንክሪት ሕንፃ ቀላል የግምት ቀመር ይሰጣል። ደባርቅ ዋና መንገድ ዳር ያለ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ እንውሰድ፤ ቁመቱ 12 ሜትር ይሁን። በቀመሩ መሠረት ሕንፃው አንድ ጊዜ ሄዶ ለመመለስ 0.48 ሴኮንድ ይፈጅበታል። መሐንዲሱ ይህን ቁጥር ወስዶ ቀሪውን ስሌት ይሠራበታል። ቁጥሩ ሁለት አኃዝ ስላለው እርግጠኛ ይመስላል። እርግጠኛ አለመሆኑን ለማየት ግን ወደ ግንባታው ቦታ ወርዶ ኮንክሪት ሲቦካ መመልከት ይበቃል።

ሲሚንቶው በከረጢት፣ አሸዋና ጠጠሩ በሳጥን ይለካል። ውሃው ግን በባልዲ ነው፤ ባልዲው የሚሞላውም በዓይን ነው። ባሬላ ተሸካሚዎቹ ልጆች ሲደክማቸው አንዱ ወደ ፎርማኑ ዞር ይላል፦ «ጋሼ፣ ደርቆ አስቸገረን እኮ፤ ትንሽ ውሃ ይጨመርበት?» ፎርማኑ ሰሌዳው ላይ የወጣውን ድብልቅ በአካፋ ነካ ነካ አድርጎ ያያል። ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ የሶሌታው ሙሊት ዛሬ ማለቅ አለበት። «ጨምሩ እንግዲህ፣ ግን እንዳታቀጥኑት» ይላል። ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ 25 ሊትር ውሃ የነበረው ድብልቅ አምስት ሊትር ሲጨመርበት የኮንክሪቱ ጥንካሬ በግምት አንድ አምስተኛ ይቀንሳል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋስ ይነሳና አሸዋው ስለሚደርቅ ያው ልክ ሌላ ድብልቅ ይሰጣል። ሌሊት የደባርቅ ብርድ አለ፤ ኮንክሪት በብርድ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። በነጋታው ውሃ የሚያጠጣው ሰው ይምጣ አይምጣም ሌላ ጉዳይ ነው። ስለዚህ በአንድ ሕንፃ ውስጥ የምድር ቤቱ ኮለንና የሁለተኛው ፎቅ ኮለን በወረቀት አንድ ሆነው በተግባር ይለያያሉ።

ደንቡ ይህን ያውቃል። ሲ-25 የሚባለው ኮንክሪት ሁሉም ጥንካሬው 25 ነው ማለት አይደለም። ከ28 ቀን በኋላ ከሚሰበሩት ናሙናዎች ከመቶው አምስቱ ከዚያ ቁጥር በታች ሊሆኑ እንደሚችሉ አስቀድሞ ተቀብሏል። ቁጥሩ ራሱ የተሠራው በዕድል ስሌት ነው። ችግሩ ይህ የዕድል ስሌት ለጥንካሬ ሲታሰብ ቆይቶ፣ ወደ ንዝረት ሲኬድ ብዙ ጊዜ መረሳቱ ነው።

ከጥንካሬው ይልቅ ንዝረትን የሚለዋውጠው ሌላ ነው። ኮንክሪት ሲሰነጠቅ፣ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ቢሆንም እንኳ፣ ግትርነቱ ይወርዳል። ያው ደንብ መሐንዲሱ የተሻለ መረጃ ከሌለው ግትርነቱን በግማሽ ቀንሶ እንዲያሰላ ያዘዋል። ግማሽ ግትርነት ማለት የመወዛወዣ ጊዜው ከ0.48 ወደ 0.68 ሴኮንድ ይረዝማል ማለት ነው። በተቃራኒው ደግሞ የብሎኬት ግድግዳዎች አሉ። በስሌቱ ውስጥ ክብደታቸው ይገባል፣ ግትርነታቸው ግን ብዙ ጊዜ ይተዋል። እውነቱ ሲታይ ብሎኬቱ የሕንፃውን ግትርነት በጣም ይጨምራል፤ ተሰንጥቆ እስኪወድቅ ድረስ። ደባርቅና ዳባት ዋና መንገድ ላይ እንደሚታየው ምድር ቤቱ ለሱቅ ተከፍቶ ላይኛው ፎቅ በብሎኬት ከተዘጋ፣ ከላይ ግትር ሳጥን ከታች ደግሞ ለስላሳ እግር ይኖራል። ስሌቱ ሁሉንም ፎቅ እኩል አድርጎ ከወሰደ ስህተቱ ቁጥሮችን በማስተካከል አይታረምም፤ ሕንፃውን የወከለው ስዕል ራሱ ተሳስቷልና። በእኔ እምነት በከተሞቻችን ትልቁ ያልታወቀ ነገር ይህ ነው፤ ከሲሚንቶው ጥራትም ይበልጣል።

አሁን የማናውቀውን ስፋት እንስጠው። ግትርነቱ ከገመትነው እስከ 30 በመቶ፣ ክብደቱ እስከ 10 በመቶ ወደላይም ወደታችም ሊዛነፍ ይችላል እንበል። ለእጅ ሥራ ይህ የተጋነነ አይደለም። ሕንፃው በአንድ ጫፍ ግትርና ቀላል፣ በሌላው ጫፍ ለስላሳና ከባድ ቢሆን 0.48 የነበረው ከ0.40 እስከ 0.60 ሴኮንድ ይዘረጋል። ይህ ብዙ ላይመስል ይችላል። ከባዱ ነገር የሚመጣው ቀጥሎ ነው።

ወፍጮ ቤት እንግባ። መብራት ባልገባበት ቀበሌ እህል የሚፈጨው ብዙ ጊዜ በናፍጣ ሞተር ነው። የሊስተር ዓይነቱ አንድ ሲሊንደር ያለው ዝግተኛ ሞተር በደቂቃ 650 ጊዜ ይዞራል፤ በሴኮንድ ወደ 11 ማለት ነው። የቤቱ ግድግዳ የራሱ የመወዛወዝ ፍጥነትም በሴኮንድ 11 ቢሆን ሁለቱ ምት ይገጣጠማሉ። መሐንዲሶች ሬዞናንስ የሚሉት ይህን ነው። የግድግዳው የማርገብ አቅም 5 በመቶ ከሆነ፣ ሞተሩ በዚያው ኃይል ቆሞ ቢገፋ ኖሮ ከሚያደርሰው ንቅናቄ 10 እጥፍ ይወዛወዛል። አሁን የግድግዳውን ግትርነትና ክብደት በዚያው ስፋት እንቀያይረው። ለስላሳውና ከባዱ ግድግዳ በሴኮንድ ወደ 9 ይወርዳል፣ ንቅናቄውም 1.7 እጥፍ ብቻ ይሆናል። ግትሩና ቀላሉ ወደ 13 ይወጣል፣ ንቅናቄው 3.1 እጥፍ ይሆናል። የግድግዳው ፍጥነት በ20 በመቶ ተለወጠ፣ ውጤቱ ግን ከሦስት እስከ ስድስት እጥፍ ተቀያየረ። የማርገብ አቅሙ 5 ሳይሆን 2 በመቶ ቢሆን ደግሞ ጫፉ 25 እጥፍ ይደርሳል። ይህን አቅም ከስዕል ላይ ማስላት አይቻልም፤ ተለክቶ ብቻ ነው የሚታወቀው። በአንድ ቀበሌ አንዱ ወፍጮ ቤት ዓመቱን ሙሉ ሲሠራ ግድግዳው ደህና ሆኖ፣ በዚያው ዓይነት ሞተርና በዚያው ግንበኛ የተሠራው ሌላው ምርጊቱ የሚረግፍበት ምክንያት ከዚህ ሊመጣ ይችላል። ባለቤቱ ግንበኛውን ይወቅሳል፤ ግንበኛው ግን በሁለቱም ቤት ያንኑ ሥራ ሠርቶ ይሆናል።

የመሬት መንቀጥቀጥ እንደ ሞተር በአንድ ምት አይመታም። ብዙ ፍጥነቶችን ቀላቅሎ ለጥቂት ሴኮንዶች ይመጣና ይሄዳል። ስለዚህ ልዩነቱ እንደ ወፍጮው አይሰፋም፣ ነገሩ ግን ያው ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1985 ሜክሲኮ ሲቲን የመታው መንቀጥቀጥ መነሻው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቅ ነበር። የከተማዋ ሰፊ ክፍል የተሠራው በደረቀ ሐይቅ ጭቃ ላይ ነው፤ ጭቃው በሁለት ሴኮንድ ገደማ አንድ ጊዜ ይወዛወዛል። የጭቃውን ምት የሚጋሩት መካከለኛ ቁመት ያላቸው ሕንፃዎች ከአጫጭሮቹም ከረጃጅሞቹም የባሰ ተጎዱ። ለእኛ ቤቶች ይህ የአፈሩን ጉዳይ ያነሳል። የደባርቅ አፋፍ ጥቁር ድንጋይ ላይ የቆመ ቤትና በወገራ ሜዳ ዋልካ አፈር ላይ የቆመ ቤት አንድ መሠረት ቢኖራቸውም አንድ ቤት አይደሉም። ዋልካ በበጋ እንደ ድንጋይ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት ደግሞ ይለሰልሳል። የጭቃ ግድግዳም እንደዚሁ ነው። የባሕር ዛፍ ቋሚውና ማገሩ ያው ቢሆኑም፣ ጭድ የተቀላቀለበት ምርጊት ደርቆ ሲጠነክርና ዝናብ ጠጥቶ ሲከብድ ግትርነቱም ክብደቱም ይለወጣል። አንዱ ቤት በጥርና በነሐሴ ሁለት የተለያየ ሕንፃ ነው።

ይህ የጭቃ ቤት ነገር ብቻ አይደለም። ካሊፎርኒያ ፓሳዲና ውስጥ ሚሊካን ይባል የነበረ፣ ለቤተ መጻሕፍት የተሠራ ባለ ዘጠኝ ፎቅ የኮንክሪት ሕንፃ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ሲያልቅ ጀምሮ ንዝረቱ ሲለካ ኖሯል። በዝናብ፣ በሙቀትና በነፋስ የመወዛወዝ ፍጥነቱ ከፍና ዝቅ ይላል። በአሠርት ዓመታት ውስጥ በደረሱበት መንቀጥቀጦች ደግሞ በምሥራቅና ምዕራብ አቅጣጫ ፍጥነቱ በ22 በመቶ ለዘለቄታው ወርዷል፤ ሕንፃው ግን ቆሟል። በዓለም ላይ በብዛት ከተለኩት ሕንፃዎች አንዱ ይህን ያህል ከተለወጠ፣ እንዲህ ያልተለካው የጎንደር ቤተ መንግሥት ግንብ ምን ያህል እንደተለወጠ ከስዕል ማወቅ አይቻልም። የኢያሱ ቤተ መንግሥት ከመንቀጥቀጡ ሌላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ቦምብ ወድቆበታል። በሊማሊሞ ጥምዝ ላይ ጣሊያኖች በድንጋይ የገነቧቸው የድጋፍ ግንቦችም ከጀርባቸው ምን እንደተሞላ ከውጭ አይታይም።

በአንድ ፋብሪካ የተሠራ ነገርስ አንድ ዓይነት ይሆናል? እ.ኤ.አ. በ1993 የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአንድ ፋብሪካ መስመር የወጡ፣ አንድ ሞዴል የሆኑ፣ ወደ መቶ የሚጠጉ የአይሱዙ መኪኖችን እየመቱ ንዝረትና ድምፃቸውን ለኩ። መኪኖቹ በሥራ አንድ ቢሆኑም ምላሻቸው አንድ አልነበረም። በዝቅተኛ የንዝረት ፍጥነት ላይ የምላሻቸው መስመሮች ይጠጋጋሉ፣ ፍጥነቱ እየጨመረ ሲሄድ ይበታተናሉ፣ በአንዳንዱ ቦታ ልዩነቱ ብዙ እጥፍ ይሆናል። የአንዱ ቡሎን ጥብቀት፣ የአንዱ ብየዳ ውፍረት፣ የአንዱ ጎማ ልስላሴ ተደማምረው ያመጡት ነው። ብረት በማሽን ሲቆረጥ ይህ ከሆነ፣ በእጅ የተቦካ ኮንክሪትና በእግር የተረገጠ ጭቃ ከዚህ የባሰ እንጂ የተሻለ አይሆኑም።

እንግዲህ መሐንዲሱ ምን ያድርግ? አንዱ መንገድ ሞንቴ ካርሎ ይባላል፤ ስሙ ከቁማር ከተማ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ገደማ ስታኒስላው ኡላምና ጆን ፎን ኖይማን ለኒውክሌር ሥራ ያበጁት ዘዴ ነው። ኮምፒዩተሩ ግትርነቱን፣ ክብደቱንና የማርገብ አቅሙን ከተሰጠው ስፋት ውስጥ በዕጣ ያወጣና ሕንፃውን ያሰላል። ከዚያ እንደገና ያወጣና ያሰላል፤ ሺህ ጊዜ፣ አሥር ሺህ ጊዜ። በመጨረሻ የሚወጣው አንድ ቁጥር ሳይሆን ከስንት እስከ ስንት እንደሚሆንና የትኛው ይበልጥ እንደሚያጋጥም ነው። ሁሉም ክፉ ነገር በአንድ ቤት ላይ አብሮ መገኘቱ ብርቅ እንደሆነም ይታያል። ከላይ የሰጠሁት ከ0.40 እስከ 0.60 የሚለው ጫፍና ጫፍ ነው፤ ከዕጣዎቹ አብዛኞቹ መሃል አካባቢ ይወድቃሉ። ስፋቱን ብቻ አውቀን ስለ ዕድሉ ምንም ካላወቅን ደግሞ ጫፎቹን ብቻ አስልቶ በከፋው መንደፍ ይቻላል። ይህ ለውድ ሕንፃ ብክነት ነው። ለጤና ጣቢያና ለትምህርት ቤት ግን እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

ሁለቱም ዘዴዎች አንድ ነገር ያምናሉ፤ ስዕሉ ልክ ነው፣ ቁጥሮቹ ብቻ ናቸው የማይታወቁት ይላሉ። ቅድም እንዳየነው የብሎኬት ግድግዳው ስዕሉ ውስጥ ካልገባ፣ አሥር ሺህ ዕጣ ቢወጣ አሥር ሺህ ጊዜ የተሳሳተ ሕንፃ ነው የሚሰላው። ፈረንሳዊው ክርስቲያን ሷዝ እ.ኤ.አ. በ2000 ያቀረበው ሐሳብ ይህን ክፍተት ለመሸፈን የታሰበ ነው። ነጠላ ቁጥሮችን ከማወዛወዝ ይልቅ ግትርነትና ክብደት የተጻፉባቸውን ሰንጠረዦች በጅምላ ያወዛውዛል፤ መሐንዲሱ ያላሰበው ስህተት እንኳ ቦታ እንዲያገኝ።

በጣም ፈጣን ንዝረት ላይ፣ የሮኬት ቆዳ ወይም የመኪና አካል ላይ፣ ነገሩ ይገለበጣል። እያንዳንዱን ውዝዋዜ መከተል ከንቱ ይሆናል። ሪቻርድ ሊዮንና ባልደረቦቹ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ለጠፈር መንኮራኩር ያበጁት ዘዴ ዝርዝሩን ትቶ ከአንዱ አካል ወደ ሌላው የሚፈሰውን የንዝረት ኃይል ብቻ ይቆጥራል። ያልታወቀው ሲበዛ አማካዩ እየረጋ ይሄዳል። ይህ ለደባርቅ ቤት አይሠራም፤ ቤት ጥቂት ውዝዋዜዎች ብቻ ያሉት ዝግተኛ ነገር ነውና።

ለቤት የሚሠራው መለካት ነው። ሕንፃን ለማስወዛወዝ መንቀጥቀጥ መጠበቅ አያስፈልግም። ነፋሱ፣ መንገዱ ላይ የሚያልፈው አይሱዙ፣ ደረጃ የሚወጣው ሰው ራሳቸው ያስወዛውዙታል፤ ንቅናቄው ከፀጉር ውፍረት በታች ቢሆንም መሣሪያ ይይዘዋል። ላይኛው ፎቅ ላይ መለኪያውን ለአንድ ሰዓት አስቀምጦ የተመዘገበውን ወደ ፍጥነቶች ቢዘረዝሩት የሕንፃው የራሱ ፍጥነት ጎልቶ ይወጣል። ብዙ ስልኮች ውስጥ ያለው መለኪያ ለዚህ ደካማ ነው። ለወፍጮ ቤት ግድግዳ ግን ይበቃል፣ እዚያ ንዝረቱ ጠንካራ ነው። አንድ ነገር ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ፍጥነትን መለካት ጥንካሬን መለካት አይደለም። ቅድም ያነሳነው ውሃ የበዛበት ኮንክሪት አንድ አምስተኛ ጥንካሬውን ሲያጣ፣ ግትርነቱ የሚወርደው ወደ 7 በመቶ፣ የመወዛወዝ ፍጥነቱ ደግሞ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ንዝረቱ ደህና ነው ተብሎ ኮለኑ ደህና ነው ማለት አይቻልም፤ ናሙና መስበርን የሚተካ ነገር የለም።

ይህ ሁሉ ስሌት እያለ ግን የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በመጀመሪያው ምድብ ያስቀመጣቸው፣ ፎቅ የሌላቸውና ሰፊ አዳራሽ ያልሆኑ መኖሪያዎች፣ ብዙ ጊዜ የሚያሰላቸው የለም። በገጠሩ ደግሞ አብዛኛው ሰው የሚያድረው በእነሱ ውስጥ ነው። ለእነሱ ለእያንዳንዳቸው ኮምፒዩተር ማስኬድ አያስፈልግም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲም ሆነ በደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተማሪዎች ደርዘን የጭቃ ቤት፣ ደርዘን የድንጋይ ቤትና ደርዘን ምድር ቤቱ ለሱቅ የተከፈተ ሕንፃ መርጠው፣ እያንዳንዱን አንዴ በጥር አንዴ በነሐሴ ቢለኩት፣ ዛሬ በግምት የምንጽፈው 30 በመቶ በልኬት ይተካል። ልኬቱ ጠባብ ከሆነ ስሌቱ ይጠባል። ሰፊ ሆኖ ከተገኘም፣ የሱቁ ምድር ቤት ላይ ተጨማሪ ግድግዳ ወይም ወፈር ያለ ኮለን ማስገባቱ የሚያዋጣበት ቦታ የት እንደሆነ ከወዲሁ ይታወቃል።